በአሰላለፍ ስም ጨዋታ የማፍረስ ዘዴ

አሰላለፍ በሚና ጨዋታ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ወደ ሕግ ወይም ወደ ሥርዓት የለሽነት፣ ወደ ደግነት ወይም ወደ ክፋት ማዘንበሉን የሚያሳይ መለያ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው ጨዋታ መለያው ሕግ፣ ገለልተኝነትና ሥርዓት የለሽነት የሚባሉ ሦስት ወገኖች ብቻ ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግነትና ክፋት ተጨምረውበት ዛሬ የሚታወቁት ዘጠኙ ወጡ፤ አንደኛው ጫፍ "ሕግ አክባሪ ደግ"፣ ሌላኛው "ሥርዓት የለሽ ክፉ" ነው። አሰላለፍ በአግባቡ ሲያዝ ለተጫዋቹ መነሻ ሐሳብ ይሰጠዋል። ጨዋታ ለማፍረስ ሲፈለግ ግን ሰበብ ሆኖ ማገልገል አለበት።

ለማሳያ ያህል ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ በረንዳ ላይ የሚሰበሰቡ አራት ተጫዋቾችና አንድ የጨዋታ መሪ ይታሰቡ። ታሪኩም የዚያው የድሬዳዋ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋን የቆረቆራት የጅቡቲ ባቡር ገና ገበያውን በሚመራበት ዘመን ይፈጸማል። ቡድኑ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስድስት ቦንዳ ጨርቅ ከባቡር ጣቢያው አውጥቶ፣ በሌሊት የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ፣ መጋላ ሰፈር ማድረስ አለበት። በየመንገዱ ፊናንስ፣ ማለትም የጉምሩክ ጠባቂ፣ ቆሟል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሁሉም ገጸ ባሕርዩን ለብቻው እንዲፈጥር ማድረግ ነው። መሪው ታሪኩ ስለምን እንደሆነ ትንፍሽ ማለት የለበትም። በዚህ መንገድ አንዷ የኮንትሮባንድ ነጋዴ፣ ሁለተኛው ጉቦ የማያውቅ ፊናንስ፣ ሦስተኛው ኪስ አውላቂ፣ አራተኛው ከሰው ጋር መነጋገር የማይወድ ባሕታዊ ይዘው ይመጣሉ። አስቀድሞ መመካከር አደገኛ ነው። ከተመካከሩ ፊናንሱ የነጋዴዋ ወንድም ይሆንና፣ በሥጋና በመሐላ መካከል ተወጥሮ ቦንዳውን ሲሸከም ያድራል። እንዲህ ያለ ነገር ግሩም ታሪክ ስለሚወጣው ከጅምሩ መከልከል አለበት።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው "ሥርዓት የለሽ ገለልተኛ" ነው። ይህ አሰላለፍ በጨዋታው መመሪያ መጽሐፍ መሠረት ከሁሉ በላይ ነፃነቱን የሚወድ ሰው መለያ ነው፤ ለማፍረስ ሥራ ግን "የፈለግሁትን አደርጋለሁ" ተብሎ ቢተረጎም ይበቃል። ቡድኑ ደቻቱ መሀል ሲደርስ ኪስ አውላቂው አንዱን ቦንዳ ቀስ አድርጎ ይጎትታል፤ ዳይሱን ይጥላል፤ ከ20 ውስጥ 17 ይወጣለታል። ነጋዴዋን የምትጫወተው ልጅ "የራሳችንን ዕቃ?" ብላ ብትጮህ መልሱ ዝግጁ ነው፤ "ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው! አቦ ጨዋታ ነው፣ አታካብዱ!" እዚህ ላይ መሪው ጭንቅላቱን ነቅንቆ ማለፍ አለበት። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ራሱ ተጫዋቹ መሆኑን ማስታወስ ነውር ነው። ዳይስ የሚናገረው ስርቆቱ ይሳካ እንደሆነ ብቻ ነው፤ በጓደኞች መካከል መሰራረቅ ይፈቀድ እንደሆነ ለመናገር አልተሠራም። መሪው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ ከያዘ ግን 17 ለሁለቱም መልስ ይሆናል።

ችግር የሚመጣው ከክፉዎቹ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የጀማሪ ስህተት ነው። "ሕግ አክባሪ ደግ" በደንብ ከተያዘ ከኪስ አውላቂ የበለጠ ያፈርሳል። ፊናንሱ ከእያንዳንዱ ውሳኔ በፊት ስብከት ይሰጣል፤ ባልንጀሮቹ ሲተኙ ጣቢያ ሄዶ ያስመዘግባቸዋል፤ ሲጠየቅም ያንኑ "ገጸ ባሕርዬ" የሚለውን ቃል ይመዛል። መሪው በበኩሉ ወጥመድ ሊያዘጋጅለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ፓላዲን የሚባለው ቅዱስ ተዋጊ እያወቀ አንድ ክፉ ሥራ ከሠራ ማዕረጉን ለዘለዓለም ያጣ ነበር። ይህ ደንብ ለወጥመድ ይመቻል። አንድ የተራበ ልጅ ዳቦ ሰርቆ በፊናንሱ ፊት ይሮጣል፤ ቢይዘው ደግነቱ ተበላሸ፣ ቢለቀው ሕጉ ተጣሰ። የትኛውንም ቢመርጥ መሪው "ወደቅህ" ይለዋል።

ነገሩ ሲካረር ቅጣት ይከተላል። ቅጣቱ በታሪኩ ውስጥ እንጂ በበረንዳው ላይ መሆን የለበትም፤ ሰውየውን ማናገር ስለሚከብድ ገጸ ባሕርዩን መቅጣት ይቀላል። ኪስ አውላቂው ላይ ከየት መጣ ሳይባል ጅብ ይለቀቅበታል። ጅቡ ባይሳካለት አሥራ ሁለት ፊናንሶች ከቁጥቋጦ ይወጣሉ። የነጋዴዋ ቀሪ ቦንዳዎችም አብረው ይወረሳሉ፤ ጥፋት ያልሠራ ሰው አብሮ ካልተቀጣ ቅጣቱ ሙሉ አይሆንም። ለዚህ የቆየ ድጋፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመሪዎች መመሪያ አሰላለፉን የለወጠ ገጸ ባሕርይ አንድ የብቃት ደረጃ እንዲያጣ ያዝዝ ነበር። ቅጣቱ የሚያመጣው ለውጥም ወዲያው ይታያል፤ ኪስ አውላቂው በጅብ በተበላ በሳምንቱ መንትያ ወንድሙ፣ ያንኑ አሰላለፍ ይዞ፣ ሊበቀል ይመጣል።

ጊዜ ከተረፈ በክርክር መሙላት ይቻላል። ጨርቅ መስረቅ ክፋት ነው ወይስ ሥርዓት የለሽነት? ፊናንስን መዋሸትስ? ለዚህ ምርጡ ሰዓት የጫት ምርቃና ነው፤ ሁሉም አዋቂ፣ ሁሉም ዳኛ ይሆናል። መጻሕፍቱም ይተባበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛው እትም አሰላለፎቹን ወደ አምስት ዝቅ ሲያደርግ፣ በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ዘጠኙን መልሷል። እያንዳንዱ ተከራካሪ የሚመቸውን እትም ይዞ ከመጣ እስኪመሽ ቦንዳው አንድ ክንድ አይንቀሳቀስም።

የመጨረሻው እርምጃ ስለ አስቸጋሪው ተጫዋች ከራሱ በስተቀር ለሁሉም መንገር ነው። ሦስቱ በየተራ ለመሪው ያማርራሉ፤ መሪውም ለሦስቱ። ከዚያ የመሰብሰቢያው ሰዓት በድብቅ ይቀየራል። ከዚራ ላይ ይህ አይከብድም፤ የባቡር ኩባንያው የነደፋቸው መንገዶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ፣ የተገለለው ሰው በባጃጅ ሲያልፍ በረንዳውን ከነተቀማጮቹ ከሩቅ ያየዋል፤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዘዴውን የሚያበላሹ ተግባራት ሦስት ናቸው። አንደኛው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ስርቆት፣ ክህደትና ግድያ በቡድኑ መካከል ይፈቀዱ እንደሆነ መስማማት ነው። ሁለተኛው ነገር ሲበላሽ ታሪኩን አቁሞ፣ ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን ተጫዋቹን ለብቻው "ከጨዋታው የምትፈልገው ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተራው ስላልደረሰው ሰልችቶት የነበረ ሰው ይገኛል። ሦስተኛው መንገዱ ከቡድኑ ጋር የማይገጥም ገጸ ባሕርይ በክብር ተሰናብቶ በመሪው እጅ እንዲቀር፣ ተጫዋቹም አብሮ መጓዝ የሚችል ሌላ እንዲፈጥር ማድረግ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከተሞከረ ለመፍረሱ ዋስትና የለም።