ለአንድ ሰው የማይከፈት ዋሻ

ብቻውን የሚጓዝ ሰው በኛ አገር እንደ ጎዶሎ ነው የሚታየው። ሴት ከሆነችማ አይጣል። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ትደርሻለሽ፤ ረዳቱ «ስንት ናችሁ?» ይላል። «አንድ» ስትዪው ከኋላሽ ሌላ ሰው ይፈልጋል። «ባለቤትሽስ? ወንድምሽስ?» ይቀጥላል። የጋይንት ብርድ አጥንት እየሰረሰረ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠበቃል። አራት ሆነው የመጡ ሰዎች አብረው እንዲቀመጡ ደግሞ ቀድመሽ የያዝሽውን የመስኮት ቦታ ልቀቂ ትባያለሽ፤ አንድ ነሻ! ጨጨሆን፣ ደብረ ዘቢጥን፣ ኮንን አልፈን ጋሸና እንወርዳለን። ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥበቃው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሽንት ቤት ልሂድ ብትዪ ሻንጣውን ለማን ትተሽ? ይህን ብቻውን የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ሰላም ሆኖ መጓዝ በቻልን ጊዜ ፈጣሪን እያመሰገንን እንችለዋለን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከደረስን በኋላ ያለው ነው። ከምድር በታች የተሠራ ነገር እወዳለሁ። ላሊበላ የምመላለሰው ከበረከቱ ሌላ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አንዱ ወደሆነው ወደ ቤተ መርቆርዮስ ለሚያወጣው ዋሻ ብዬ ነው። ርዝመቱ 35 ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። መብራት ሳይበራ፣ አንዱን እጅ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ከራስ በላይ አድርጎ፣ መሬቱን በእግር እየዳሰሱ ነው የሚታለፈው። ዓይን ሲታገድ መዳፍ ይነቃል። ያን አለት የፈለፈሉት ሰዎች ስንት ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ እንደዋሉ የሚሰማኝ ድንጋዩን በእጄ ስዳስሰው ነው። ይህ በጥድፊያ አይሆንም።

ታዲያ የማስጎብኘት ዋጋው በቡድን ነው። ስድስት ሆነው የመጡት ይካፈሉታል፤ አንዷ የስድስቱን ትከፍላለች። «ከነዚህ ጋር ልቀላቀል?» ስትይ አስጎብኚው የያዛቸውን እንግዶች ማስቀየም አይፈልግም። አልፈርድበትም፤ እሱም ልጅ ያሳድጋል፣ ለአንድ ሰውም ለስድስት ሰውም ድካሙ ያው ነው። የሚቀርሽ የሰው ቡድን ጀርባ መከተል ነው። ያኔ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ሁሉም የስልኩን መብራት ያበራል፣ «ቶሎ በሉ» ይባላል፣ የመጣሽለት ጨለማ ሳይገኝ ከወዲያኛው ጫፍ ትወጫለሽ። ጫማሽስ? በአንዱ በር ተገብቶ በሌላው ይወጣል። ቡድን ጫማውን የሚያሻግርለት ሰው አያጣም፤ ብቻዋን የመጣችው ባዶ እግሯን ኮረት እየወጋት ዞራ ትመለሳለች።

ሌላ አገር ግን ለዚህ መላ አግኝተውለታል። ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ1978 ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር የፖላንዱ የቪየሊችካ ጨው ማዕድንም ነበረበት። ላሊበላ በታነጸበት ዘመን አካባቢ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው ጨው መቆፈር የተጀመረበት። ጨው ለገበያ ማውጣቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቆፋሪዎቹ ከመሬት 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው፣ ወለሉም ግድግዳውም መሠዊያውም ጨው የሆነ የጸሎት ቤት ፈልፍለዋል። የኛ ሰው ቢያየው ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ የሚለው ሥራ ነው። እዚያም ለብቻ መውረድ አይፈቀድም። ግን ብቻውን የመጣ ሰው የራሱን ትኬት ይቆርጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከማያውቃቸው ጋር ተሰብስቦ ከአስጎብኚ ጋር ይወርዳል። ሌላ ዘዴ የለውም፤ ይኸው ነው።

«ብቻሽን አይሆንም» መባሉ የሚገባበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ከጋሸና ወደ ደቡብ ቢታጠፍ ደላንታ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወጣቶች የገደሉን ወገብ በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ ኦፓል ያወጣሉ። በ2016 ዓ.ም. አንዱ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ ቀርተዋል፤ አገር ሁሉ በጭንቀት ነው የሰነበተው። እዚያ ለማየት ልግባ የሚል መንገደኛ ሲገጥመኝ ተው እለዋለሁ። የሚያናድደኝ ስምንት መቶ ዓመት ጸንቶ የቆመው የአለት ዋሻ ደጃፍ ላይም ያው ቃል ሲነገረኝ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የስድስት ሰው ዋጋ ከከፈልሽ ብቻሽን መሆንሽ ወዲያው ይረሳል።

ማታ ሆቴል ደግሞ «ማኅበራዊ ለአንድ ሰው አይወጣም» ይሉሻል። ይሁን፣ ሽሮ ይበላል።

ባለፈው ጊዜ አንዷ ከደሴ፣ አንዱ ከጎንደር፣ እኔ ከንፋስ መውጫ መጥተን አንድ በር ላይ ቆመን ነበር። ለሦስታችንም ለየብቻ የቡድን ዋጋ ተነገረን። ሦስታችሁ አብራችሁ ግቡ ያለን ሰው የለም፤ እኛም ተፋፍረን ዝም አልን። ትኬት በሚቆረጥበት ሁሉ «ብቻችሁን የመጣችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ጠብቁ» የሚል አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ማን ይጎዳል? አስጎብኚው ሙሉ ዋጋውን ያገኛል፣ እኛም ድርሻችንን ከፍለን፣ የስልካችንን መብራት አጥፍተን፣ ቀስ ብለን እንገባለን።