ተበልቶ ያልተወራረደ

የእንጅባራን ሰኔ የቀመሰ ያውቀዋል። ጉሙ ከደጃፍ አይነሳም፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ብርዱ ጋቢውን አልፎ ቅልጥም ይገባል። እንደኔ ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ ምድጃ ሥር ኩርምት ከማለት በቀር ምን ሥራ አለው? ልጆቼ «አባባ ይጫወቱበት» ብለው ቴሌቪዥኑን አስጠግተውልኛል። እኔ ደግሞ የምጫወተው ከፓርላማ ጋር ነው። የልጅ ልጄ ኳስ ሲል፣ ባለቤቴ ተከታታይ ድራማ ስትል፣ እኔ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ እላለሁ። ስሙን ጠርቼ እስክጨርስ ቡናው ይቀዘቅዛል እንጂ ሥራውስ የኔው ሙያ ነው። 31 ዓመት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። በሞዴል 19 ገቢ አድርጌ፣ በሞዴል 22 ወጪ አድርጌ፣ የቢን ካርዱን ቀሪ ሳላስተካክል ቤቴ አልገባም ነበር። ባለቤቴ ዛሬም «እኔን ያገባኸኝ በካርቦን ኮፒ ነው» ትለኛለች።

የኮሚቴው ነገር እንዲህ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 መሠረት ዋናውን ኦዲተር የሚሾመው ፓርላማው ነው፤ ኦዲተሩም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ያገኘውን ለዚያው ለፓርላማ ያቀርባል። ኮሚቴው ግኝቱን ይዞ ኃላፊዎቹን ይጠራል። እነሱም ምክትሎቻቸውን፣ የፋይናንስ ኃላፊያቸውን፣ የግዥ ኃላፊያቸውን አስከትለው፣ የላስቲክ ውሃ እፊታቸው ደርድረው ይሰየማሉ። «ያለ ውድድር የገዛችሁት ለምንድን ነው? ከመዋቅር ውጪ የቀጠራችሁት በማን ፈቃድ ነው? መመሪያ ሳይኖር አበል የከፈላችሁት እንዴት ነው?» ይባላሉ። ጥያቄው፣ ሞት ይርሳኝና፣ እንደ ሙሽራ ያማረ ነው። ጋቢዬን ጥዬ «አበጀህ! ያዘው! እንዳትለቀው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ከዚያ መልሱ ይመጣል።

«የተባለው ትክክል ነው። የአሠራር ክፍተት ነበር።»

ክፍተት! የኔም አጥር ክፍተት አለው። ባለፈው የጎረቤቴ ጥጃ በዚያ ሾልካ ድንቼን ስትግጥ ዋለች። ጎረቤቴ መጥቶ «አያ፣ የአሠራር ክፍተት ነው፤ በቀጣይ ትኩረት ሰጥቼ እሠራበታለሁ» ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ባንነጋገርም ነበር። እሱ ግን ግማሽ ጆንያ ድንች ተሸክሞ መጣ፤ ማታውኑ አጥሩን ደፈነ። ፓርላማም አልገባም፣ ዲግሪም የለውም።

ከሁሉም የሚያበግነኝ «ያልተወራረደ ሒሳብ» የሚሉት ነው። እኛ ማወራረድ የምንለው ጮማ ቆርጠው ሲያበቁ በጠላ ወይም በጠጅ መሸኘቱን ነው። በልቶ ያላወራረደ ትን ይለዋል። እንግዲህ በየዓመቱ ይህን ያህል ሚሊዮን፣ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ያልተወራረደ ተገኘ ይባላል። ይህን ሁሉ በደረቁ የዋጠው ጉሮሮ የምን ጉሮሮ ነው? እስከ ዛሬ አንድም ሰው ትን ሲለው አላየሁም። ለካ የላስቲኩ ውሃ የሚደረደረው በከንቱ አይደለም! «ተሰብሳቢ ሒሳብ አልተሰበሰበም» የሚባልም አለ። እኔ በማየው መሥሪያ ቤት እኮ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብሳቢ ነው፤ ጧት ስብሰባ፣ ከሰዓት ስብሰባ። ሳይሰበሰብ የቀረው ገንዘቡ ብቻ ነው።

ኦዲተሮቹም ቢሆኑ ጨዋነት አበዙ። ሒሳቡ የጠራ ሲሆን «ነቀፌታ የሌለበት» ይሉታል፤ መላ ቅጡ የጠፋ ሲሆን «አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት»። እኔ ለስንት ጋብቻ ሽምግልና ሄጃለሁ። የልጅቱ አባት «ይህ ልጅ ጠባዩ እንዴት ነው?» ብሎኝ «አስተያየት ለመስጠት አልቻልኩም» ብለው ኖሮ ልጁን ይድርለታል? እዚህ ግን ይዳራል፤ የሚመጣው ዓመት በጀትም ይጸድቅለታል።

ይህን ሁሉ የማወራው ቂም ስላለብኝ ነው። አልደብቅም። በ1971 ዓ.ም.፣ ሰዉ እንጅባራን ኮሶበር በሚልበት ዘመን፣ ደመወዜ 111 ብር ሳለ፣ አለቃዬ ለማታ ስብሰባ ብሎ አንድ ማሾ ፋኖስ ወሰደ። «ጓድ፣ ሞዴል 22 ላይ ይፈርሙልኝ» ብለው «ነገ ጧት እመልሰዋለሁ፤ አብዮቱን በወረቀት አታደናቅፍ» አለኝ። በዚያን ጊዜ አደናቃፊ ከመባል ማሾ ማጣት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። ነገ ጧት አልመጣም። ሰኔ 30 ቆጠራ ተደረገና «ማሾ፣ ብዛት 1፣ ጎደለ» ተብሎ ተጻፈ። አለቃዬ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር። ከደመወዜ 7 ብር፣ 7 ብር እያሉ ለ9 ወር ቆረጡብኝ። የአሠራር ክፍተት አልተባለም። የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅ ያለኝ የለም። «አሳሰቡ» አልተባለም፣ «አቅጣጫ ሰጡ» አልተባለም። ተቆረጠ። 63 ብር። ከዚያ ወዲህ እኔ ያለ ፊርማ ዕቃ አላወጣም፤ ጡረታ ወጥቼም ደብተሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የልጅ ልጄ ሪሞት ሲወስድ ይፈርማል። ባለቤቴ አልፈርምም ብላለች፤ በሷ በኩል ክፍተት አለ።

የሰው ኃይል የሚሉትስ? በኔ ጊዜ ቢሮው ስምንት ሰው ነበር፤ ዘበኛውና ጽዳቷ ተጨምረው። በቅርቡ የጡረታዬን ጉዳይ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የቱ ነው አትበሉኝ፤ ጉዳዬ ገና አላለቀም። የበሩ ብዛት! ዳይሬክተር፣ ቡድን መሪ፣ ከፍተኛ ባለሙያ፣ ባለሙያ። በር ላይ ስም አለ፣ ውስጥ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ኮት አለ። ሰውዬው የለም። «መስክ ወጥተዋል» አሉኝ። በሌላው ቀን «ሥልጠና ላይ ናቸው»። በሦስተኛው ቀን ኮቱን ሰላም ብዬው ተመለስኩ። የልጅ ልጄ ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጧል፤ እሱ ኮት ስለሌለው ነው መሰለኝ።

እኛ አገዎች እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም። የፈረሰኞች ማኅበራችን ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ፈረሰኛ ማለት ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ጥር 23 ሜዳው ላይ ስንወጣ ሁሉም ይታያል፤ የማን ፈረስ እንደከሳ፣ የማን ኮርቻ እንደተበደረ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። አንዱ ኮቱን ኮርቻ ላይ ጭኖ «ወጥቻለሁ ብላችሁ መዝግቡልኝ» ቢል እስከ ዳንግላ ይሳቅበታል።

ወንበሩም ቢሆን! አዊ እኮ የቀርከሃ አገር ነው። ልጆቻችን የሚሠሩት የቀርከሃ ወንበር የልጅ ልጅ ያስቀምጣል። እሱን ትተው የሚሽከረከር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ወንበር ይገዛሉ፤ በሁለት ዓመቱ እግሩ ይወልቅና ኮሪደር ላይ እንደ ቆሰለ ወታደር ይጋደማል። ታፔላውንስ አይታችኋል? የግብርናው ሚኒስቴር ብቻ፣ ግብርናና ገጠር ልማት ተባለ፤ ተመልሶ ግብርና ሆነ፤ በ2008 ግብርናና ተፈጥሮ ሀብት ተብሎ እንስሳትና ዓሣ ለብቻቸው ጎጆ ወጡ፤ በ2010 እንስሳቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በ2011 እንደገና ግብርና። ስም በተለወጠ ቁጥር ማኅተም አለ፣ ታፔላ አለ፣ ባለ አርማ ወረቀት አለ፣ አዲስ መዋቅር አለ፣ የመዋቅር ማስተዋወቂያ ሥልጠና አለ፣ የሥልጠና አበል አለ። የኔ በሬ ከገዛሁት ጀምሮ ስሙ ቦራ ነው። ያርሳል።

መጠየቁ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ማዕረጋቸው በጅሮንድ ነበር፤ የግምጃ ቤት ኃላፊ ማለት ነው። እኔም የዕቃ ቤት ሰው ነኝና ዘመዴ ይመስሉኛል። ግምጃ ቤት የገባ ገንዘብ ለዓመቱ ከተቆረጠው በጀት ውጪ እንዳይወጣ በሕጉ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ይኸው ስንት ዘመናችን፣ ስንት ሕገ መንግሥታችን! በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። ጠያቂውም ተጠያቂውም ከአንድ ማዕድ ሲነሱ ጥያቄው ምን ይባላል? ወንድም ወንድሙን «ለምን በላህ?» ሲለው፣ ያው «ለምን ሳትጠራኝ?» ማለት ነው።

ኦዲተሮቹ ራሳቸው ስንት አዩ። አቶ ለማ አርጋው በ1990ዎቹ መጨረሻ ለክልሎች በተሰጠ ድጎማ ላይ ጥያቄ አንስተው ብዙም ሳይቆዩ ከወንበራቸው ተነሡ። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ስንት ዓመት ፓርላማ ፊት እየቆሙ ያምናው ግኝት ዘንድሮም እንዳለ ነው፣ እርምጃ የለም ሲሉ ጸጉራቸው ሲሸብት አይቻለሁ፤ አሁን ተረኛዋ ወይዘሮ መሠረት ዳምጤ ናቸው። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል ለአቶ ክርስቲያን ታደለ ሲሰጥ፣ እሰይ፣ አሁን ጠያቂው ከሌላ ማዕድ መጣ ብዬ ነበር። በ2015 ክረምት እሳቸው በሌላ ጉዳይ ታሰሩ። ስለዚህ ነገር ብዙ አልናገርም፤ ባለቤቴ ከጓዳ እያየችኝ ነው።

አባቶቻችን ሰኔና ሰኞ ሲገጥም አይበጅም ይሉ ነበር። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ፣ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ አንቀጽ 58ን አንብቡት። ሰኔና ሰኞ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገጥመው ተገኙ! የበጀት ዓመቱም የሚያልቀው ያኑ ዕለት ሰኔ 30 ነው። ያልወጣ ገንዘብ ለግምጃ ቤት ተመላሽ ስለሚሆን፣ ሰኔ ላይ ገበሬው ዘሩን ሲዘራ መሥሪያ ቤቱም በጀቱን ይዘራል። ወረቀት በካርቶን፣ ቶነር በካርቶን፣ ሥልጠና በሆቴል። የገበሬው ኅዳር ላይ ይታጨዳል። የመሥሪያ ቤቱን ማን ያጭዳል? ጎተራው ወለል ብሎ ተከፍቶ በሚያድርበት ሳምንት ጠባቂው ለክረምት ዕረፍት ሻንጣውን ያዘጋጃል። ሲመለስ የኦዲተሩ ሪፖርት ይጠብቀዋል፤ ክፍተት ይባላል፤ ይታሰባል፣ ይሳሰባል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ የምክር ቤት ልጆቼ፤ የአዲስ አበባዎቹም፣ እዚሁ እንጅባራ የምትሰበሰቡት የብሔረሰብ ምክር ቤታችንም ሰዎች። መንገዱ ሰላም ሲሆንና ለመስክ ምልከታ ስትወጡ አዳራሽ አትግቡ። አዳራሽ ከገባችሁ እንደኔ ያለውን ሽማግሌ በነጭ ጋቢ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ፓወር ፖይንት ከፍተው ያስተኟችኋል። በጓሮ በኩል ግቡ። ጎማቸው ወልቆ በድንጋይ የቆሙ መኪኖች ታገኛላችሁ፤ ያልተወገደ ንብረት የሚሉት ነው። ሣር በውስጣቸው በቅሏል። ባለፈው አንዱ የሹፌር ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ አየሁ። በዚያ ግቢ የሥራ መደቧ ላይ ያገኘኋት እሷን ብቻ ነው።

ቁጠሩ። ከዚያ ከጎደለው ሥር የአንድ ሰው ስም ጻፉ። የመሥሪያ ቤት ስም አይደለም፤ የሰው። ቢሊዮኑ ከከበዳችሁ ከአንድ ማሾ ጀምሩ፤ ከደመወዙ በወር 7 ብርም ቢሆን ቁረጡና በቴሌቪዥን አሳዩኝ፤ እኔ ሳላይ እንዳልሞት።

ጎረቤቴ፣ ያ የጥጃዋ ባለቤት፣ መጥረቢያዬን ከወሰደ ዛሬ 12 ቀኑ ነው። ፈርሟል።