የዳዊት አፍንጫ

የጎረቤታችን ልጅ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታ «ዘንድሮ ሞዴሊንግ እንማራለን» ብትል እናቷ ክው አሉ። በአጭር ቀሚስ መንጎራደድ መስሏቸው ነው። እስከ ክርኗ ጭቃ የሆነ እጇን ብታሳያቸው ጭራሽ ባሰባቸው፤ «ሸክላ ሠሪ ልትሆኚ?» ይህን የሚሉት ቡናቸውን ከጀበና እየቀዱ ነው።

እንግሊዝኛው የቅርጻ ቅርጽን ሥራ ለሁለት ይከፍለዋል። ጭቃውን ወይም ሰሙን እየደረቡ ማበጀት ሞዴሊንግ ነው፤ ድንጋዩን ወይም እንጨቱን እየቀነሱ መጥረብ ካርቪንግ። ልዩነቱ የሚታየው ግን ስሕተት ሲመጣ ነው።

ጀበና የምትሠራዋን እዩ። አንገቱ ከተጣመመ በረጠበ ጣቷ ታቃናዋለች፤ እምቢ ካላት ደፍጥጣ እንደገና ትጀምራለች። እሳት እስኪገባ ድረስ ሸክላ ይቅር ባይ ነው። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የፈለፈሉት ግን 12 ሜትር ያህል ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት። ሌላው ግንበኛ መጨረሻ ላይ የሚያስበውን ጣሪያ እነሱ መጀመሪያ ጠረቡት። መስኮቱ ያለ ቦታው ቢከፈት በምን ይደፈናል? መላእክት ያግዟቸው ነበር በሚለው ትውፊት ሥራውን ያየ ሰው አይስቅም።

ጣሊያናዊው ሚኬላንጄሎም ከ1501 እስከ 1504 እ.ኤ.አ. የዳዊትን ሐውልት የጠረበው ሌሎች ጀምረው ከተዉት እብነ በረድ ነው። ሊያልቅ ሲል የፍሎረንስ ሹም ሶዴሪኒ መጥተው «አፍንጫው ወፈረ» አሉ ይላል ታሪኩን የጻፈው ጆርጆ ቫሳሪ። አፍንጫ ደግሞ አንዴ ከተቀነሰ አይበቅልም! ሚኬላንጄሎ አልተከራከረም። የእብነ በረድ ዱቄት በእጁ ደብቆ መወጣጫው ላይ ወጣ፤ መሮውን አፍንጫው ሳይነካ ኳ ኳ እያደረገ ዱቄቱን ቁልቁል በተነው። ሹሙም አሁን ገና ነፍስ ዘራህበት ብለው ተደስተው ሄዱ። አፍንጫው እንደነበረ ነው።

እንግዲህ አስተያየት መስጠት የምትወዱ ወገኖቼ፣ ጭቃ የያዘ ሰው ዘንድ ሳይደርቅበት በማለዳ ድረሱ። መሮ የያዘውን ግን «እጅህ ይባረክ» ብላችሁ እለፉት፤ አለዚያ ዱቄት ያራግፍባችኋል።