የድንች ፎቅ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ለሁለት ሰው ይከፍል ነበር። በኮሮና ምክንያት ግማሹ ወንበር ባዶውን ይሄዳል፤ ታሪፉም እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሻንጣዬን አስቀመጥኩና፣ ሒሳቡን እንደከፈለ ተሳፋሪ አክብሬው አብረን ተጓዝን። ወረታ ላይ ታጥፈን፣ የፎገራን ሜዳ ከኋላ ትተን ወደ ዓለም በር ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ደፈነው። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ነገር ቢኖር የሹፌሩን ማጅራት ነው፤ እሱም በማስክ ክር ለሁለት ተከፍሏል።

የምሄደው ለቡሄ ነበር። ነሐሴ 13 በሌላው አገር በዓል ነው፤ በእኛ ከተማ ግን በዓሉና ከተማዋ ደብረ ታቦር የሚለውን ስም ይጋራሉና መቅረት ያስወቅሳል። እናቴ ግን ስትደውልልኝ ስለ ሙልሙል አላነሳችም።

«ቶሎ ና። የእህትህ ልጅ ደጄ ላይ ፎቅ ሠርቶብኛል።»

«የምን ፎቅ?»

«የድንች!»

ኔትዎርኩ እዚህ ላይ ተቋረጠ። ኔትዎርክም አንዳንዴ የት ላይ መቋረጥ እንዳለበት ያውቃል።

ግቢው ስደርስ እውነትም ፎቅ ነው። አራት የማዳበሪያ ጆንያ ቂጣቸው ተቀዶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ዙሪያውን በባሕር ዛፍ አጣና ተደግፎ ከእኔ ቁመት በላይ ቆሟል። ከአናቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብሏል። መቆም እንኳ አልቆመም፤ ወደ ጎረቤት አጥር ዘመም ብሎ ወሬ የሚያዳምጥ ይመስላል። መሐንዲሱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ቦታ ቆጣቢ ዘዴ ነው» አለኝ፤ «ቪዲዮውን ላሳይዎት?»

ልጁን ለመውቀስ ከመቸኮል ዓመቱን ማስታወስ ይገባል። ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግቷል። ተማሪው ቤቱ ሆኖ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ይከታተል ተብሏል። ልጃችንም በእናቱ ስልክ፣ በእናቱ ካርድ ይከታተል ነበር፤ መከታተል ሲጀምር ደግሞ የት ላይ እንደሚያቆም የነገረው የለም። ከባዮሎጂ ተነሥቶ እጽዋት፣ ከእጽዋት ድንች፣ ከድንች አንድ ፈረንጅ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ንጹሕ ቦቲ ጫማ አድርጓል፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ጆንያ ውስጥ ጥቂት ድንች ይጥላል፤ አፈርና ገለባ ይጨምራል፤ ተክሉ ባደገ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ ሙዚቃው ከፍ ይልና ጆንያውን ሲገለብጠው ድንቹ እንደ ጉድ ይፈስሳል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው መኮትኮት፣ አረም፣ ጭቃና የቅጠል በሽታ በሙሉ አንድ ሙዚቃ ውስጥ አልቋል።

ዘሩን ያገኘው ከእናቴ ቆጥ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከበድ ይላል። እናቴ የዘር ድንቿን ብርሃን በሚገባበት ጥግ፣ በቆጥ ላይ፣ ሳይነባበር ዘርግታ ነው የምታቆየው። ልጡ አረንጓዴ ይሆናል፤ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣል። ለዘር እንጂ ለወጥ እንደማይሆን ታውቃለች፤ አረንጓዴው ድንች ውስጥ ሶላኒን የሚባል መርዝ እንደሚበዛ ግን ሰምታ አታውቅም፤ መስማትም አላስፈለጋት። ልጁ ያንን ዘር መርጦ መርጦ «ለምርምር» ብሎ ወሰደው። የቀረላትን ብትዘራው አንድ መደብ አልሞላም።

ሥራው የጀመረው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። አንደኛው ጆንያ ሞላ፣ ሁለተኛው ተሰፋ። ቪዲዮው ክፍል ሁለት አለው፤ ልጁም ተክሉ ከፍ ሲል እከታተለዋለሁ ብሎ ለሰኔ አቆየው። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ በማግስቱ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። መከፈት የጀመረው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በስልክ የተመለሰው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አገሩ ከባድ ሐዘንና ስጋት ላይ ነበር፤ የእኛ ግቢ ችግር ከዚያ ጋር የሚነሣ አይደለም። ያም ሆኖ ድንቹ ማደጉን አላቆመም፤ የጉና ተራራ ዝናብም ኢንተርኔት አይጠብቅም። ልጁ በግምት አፈር ጨመረ፤ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ጆንያ ሰፋ። መስመሩ ሲመለስ ክፍል ሁለትን ከፈተው። ሰውየው ፈገግ ብሎ የጀመረው «ጆንያውን ከታች መብሳት አትርሱ፤ ውኃው የሚወጣበት ያስፈልጋል» በማለት ነው።

የቡሄ ዋዜማ እናቴ ትእዛዝ ሰጠች፤ ፎቁ በዓሉን ቆሞ እንዳያይ። አፍራሹ እኔ ሆንኩ። ልጁ በአንድ በኩል አጣናውን ይዞ እኔ በሌላው በኩል ሲባጎውን ስፈታ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በሩን አልፈው ገቡ። ልጁ ዞሮ አያቸው፤ አጣናውን ለቀቀው። ስንት ኪሎ አፈር፣ ስንት ሊትር የክረምት ውኃ እንደሆነ አላውቅም፤ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ግን ትንሽ አልነበረም። ገለባው በስብሶ ያወጣውን ሽታ የማነጻጽርበት ነገር ስለሌለኝ ልለፈው። ጭፈራው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ አውራጁ የእኔን መውደቅ በግጥም አስገብቶ ቀጠለበት። ሕዝቡ ተቀበለው። እናቴ ሙልሙሉን እጥፍ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ለግጥሙ ይሁን ለፎቁ መፍረስ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የተገኘው ድንች በአንድ ሰፌድ ተለቀመ። ከታችኛው ጆንያ ግማሹ የበሰበሰ፣ ከላይኞቹ ደግሞ ምንም፤ ሥርና ገለባ ብቻ።

በበዓሉ ቀን ከጉና ሥር የመጣ የእናቴ ዘመድ ጠላውን ይዞ ፍርስራሹን ዞረው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እግሩ ሥር ያሉት የፋርጣ ገበሬዎች ድንችና ገብስ ላይ ያደጉ ናቸው። ልጁን ጠራው።

«ያ ሰውዬ የሚተክልበት አገር ዝናቡ ስንት ወር ነው?»

«አላለም።»

«ዘሩስ ምን ይባላል?»

«አላለም።»

«በሽታ ሲገባበትስ ምን አደረገ?»

«በሽታ አልገባበትም።»

«እንግዲያው የተከለው ድንች አይደለም።»

ከዚያ አንዱን ተክል ከነሥሩ አንሥቶ በአውራ ጣቱ አሳየው። ድንቹ የሚንጠለጠለው ከዘሩ ከፍ ብሎ ከግንዱ ግርጌ በሚወጡት ነጫጭ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ነው። «እኛ ዘንድ የሚዘራው እዚችው ይይዛል፤ ይበቃዋል። አፈር የምናስታቅፈው ፍሬውን ፀሐይ እንዳያገኘው ነው። ከዚያ በላይ የጫንክበት ልብስ ነው እንጂ ምግብ አይደለም።» ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። ይህን ሳይ ተስፋ አደረግሁ።

በዚህ ሁሉ እናቴ ያሸነፈች መስሏት ነበር። «ስልክ ምን ያውቃል!» እያለች ዋለች። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ራሷ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ያባርራል ብላ ቤቱን በጠረን ሞልታዋለች። ከማን ሰማሽ ስላት «ገበያ ላይ» አለችኝ። ገበያ ላይ ማን? «ሁሉም!» እንግዲህ ሁሉም የሚባለው ሰው ስልክ ሳይኖረውም ሲያስተምር የኖረ ነው።

የዚህ «ሁሉም» ሥራ በአለቃ ገብረ ሐና ላይ ይታያል፤ እሳቸው የዚሁ አገር፣ የፎገራ ሰው ናቸው። በስማቸው የሚነገረውን ቀልድ ሁሉ በእርግጥ ተናግረውት ቢሆን ኖሮ እህል የሚቀምሱበት ጊዜ ባላገኙ ነበር። ትናንት የተፈጠረ ቀልድ ዛሬ በእሳቸው ስም ይለጠፋል፤ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ምርታቸው እየጨመረ ነው። ቀልዱ ባለቤት የለውምና ማንም ቢያበላሸው ጠያቂ የለም። በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያን አቋቋማቸውን ተመልከቱ። እሳቸው ያፈለቁት ስልት ጎንደር ላይ ተቀባይ ሲያጣ፣ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ተብሎ ይዘመማል። ያ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ በአካል፣ ሲሳሳቱ እየታረሙ የተላለፈ ነው። ድጓ ሊያስመሰክር የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ ዙር አምባ። የተማሪው የመጀመሪያ መታወቂያ ከማን እንደተማረ ነው። ያ ሥርዓት ልጅ ያስርብ ነበር፤ ውሻ ያስነክስ ነበር፤ ስለ ትዝታው ብዬ አላቆላምጠውም። «ከማን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄው ግን ትክክል ነው።

ያንኑ ጥያቄ ይዤ የልጁን ስልክ አየሁ። ቴሌግራም ውስጥ አንድ የፊዚክስ መምህር አለ። ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ፎቶ ያነሣል፤ ማታ ማታ ማብራሪያውን በድምፅ ይልካል፤ ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ስለ ተወርዋሪ አካል ባስተማረበት ቀን አንድ ምልክት ገልብጦ ጽፏል። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ኔጌቲቭ መሆን የለበትም?» ብላ ጻፈች። መምህሩ አመስግኖ ገጹን እንደገና ጽፎ ላከው። ከድንቹ ቪዲዮ ሥር ደግሞ «እኔ ሞክሬው በሰበሰ» የሚሉ አስተያየቶች ተደርድረዋል። መልስ የለም። ሁለቱም ያሉት በአንድ ስልክ ውስጥ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ይታያል።

እኔ እንግዲህ «ወጣቱ ማኅበራዊ ሚዲያን ይመን ወይስ አይመን?» የሚለው ክርክር የሚሰለቸኝ ለዚህ ነው። ያላወቁትን መሞከርማ በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ከከተማችን አቅራቢያ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሊሰብኩ የመጡትን ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩ ያሏቸው እዚያ ነው። ሰዎቹ ቢፈሩ አይደንቅም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። አንድ ቪዲዮ ይህንኑ መድፍ መቅደላ ላይ እንግሊዞችን ሲያርበደብድ አሳይቶት ልጃችን ከእኔ ጋር ተሟግቷል። መድፉ እዚያ ለውጊያ አልበጀም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ሳያውቁ መሞከር ነውር እንዳልሆነ ጋፋት ምስክር ናት፤ እነዚያ ሰዎች ግን የሠሩትን ቆሞ የሚጠብቅ ንጉሥ ነበራቸው።

ዓመታት አልፈው ልጁም ወደ ከባዱ ፈተና ቀረበ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2008 ዓ.ም. እውነትም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዟል፤ ሐምሌ ላይ እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ ነበር። ያ አንድ እውነት ከዚያ በኋላ ለመጣው ውሸት ሁሉ ዋስ ሆነው። በየዓመቱ «ፈተናው እጃችን ገብቷል፣ ብር ላኩ» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። ልጃችን በሐምሌ 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲፈተን ገንዘብ የላኩ ጓደኞች ነበሩት፤ የተላከላቸው የሌላ ዓመት ወረቀት ነበር። እሱ አልላከም። «ለምን?» ስለው «ከማን እንዳገኙት ጠየቅኳቸው፤ ብሎክ አደረጉኝ» አለኝ። በዚያ ዓመት ግማሹን ነጥብ ያመጣው ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ ነው፤ የእኛው ልጅ በሬሜዲያል ገባ። በዚያው ነሐሴ በክልላችን ጦርነት ሲብስ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ ያነብ የነበረው ቀድሞ ያወረደውን የፊዚክስ መምህሩን ደብተር ነው።

አሁን ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ የግብርና መምህራን፣ አዴት ምርምር ማዕከል ላላችሁ የድንች ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። እናንተ የምታውቁት ጥናትና ሪፖርት ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ደግሞ እዚያ አይደርሱም። ጭቃ ላይ ቆማችሁ፣ የዘሩን ስምና የወረዳውን ስም ጠርታችሁ፣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በአማርኛ ሥሩ። ስማችሁን ጻፉበት። ከሥሩ የሚመጣውን ጥያቄም መልሱ። እባካችሁ ደግሞ ቀዳዳው ለክፍል ሁለት አይቆይ።