እጅጌ ላይ ያለች ኪስ

ጃኬቷን የገዛኋት መስከረም ሳይወጣ ነው። ጥቅምት ከገባ በኋላ የሰልባጅ ጃኬት ዋጋ እንደ ፋሲካ በግ ነው፤ ትናንት የጠየቁት ዛሬ የለም። ደግሞ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። አጥንቱ በመምህር ደመወዝ አልደፈር ሲል ሰው ቢያንስ ጀርባውን ይሸፍናል።

ሰቆጣ ገበያ ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠው ልጅ ከክምሩ ሥር ጎትቶ አወጣት። ብርቱካናማ ናት፤ ብርቱካን ራሱ አይቷት የሚያፍር ዓይነት ብርቱካናማ። "ጋሼ፣ ይቺ ለእርስዎ የመጣች ናት" አለኝ። ለእኔ እንዳልመጣች ሁለታችንም እናውቃለን። ተከራከርን፣ ሄድኩ፣ ጠራኝ፣ ተመለስኩ፤ እንደ ደንቡ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "መንገድ ሥራ ገባህ እንዴ?" አለች።

ለቀለሟ ግድ የለኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ግራ እጅጌዋ ላይ፣ ከእጄ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ኪስ አለች። የራሷ ዚፕ አላት። ስልክ አይገባባትም። የቤት ቁልፍ ይገባል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፍኩ ቁጥር ግን እንደ በቅሎ ቃጭል ይንሿሿል። የባንክ ካርድ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ታዲያ ደህና ሰው የባንክ ካርዱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው ለማን ሊያሳይ ነው?

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጉዳዩን አነሳሁት። የሒሳብ መምህሩ "ለጠመኔ ናት" ብሎ ፈረደ። ሞከርኩ፤ ጠመኔው ተሰበረ፣ ኪሷም እስከ ዛሬ ነጭ አቧራ ታስነጥሳለች። ጎረቤቴ መሪጌታ ግን ሳያመነቱ "የክታብ ማኅደር ናት፤ ፈረንጅም እኮ የሚፈራው ነገር አያጣም" አሉ። ሳቅንባቸው። በኋላ እንደሚታየው ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረቡት እሳቸው ነበሩ።

ሳይቸግረኝ ፎቶ አንስቼ ካልጋሪ ላለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት። የመለሰልኝ የድምፅ መልእክት ግማሹ ሳቅ ነው። "ወንድም ጋሼ፣ የስኪ ጃኬት እኮ ነው የገዛኸው!" ኪሷ የመግቢያ ካርድ ማስቀመጫ ናት ለካ። በረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚሄደው ሰው ተራራው ግርጌ ቆሞ ክንዱን ጠጋ ሲያደርግ በሩ በራሱ ይከፈታል፤ ከዚያ በገመድ የተንጠለጠለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይወጣል። ጓንት አያወልቅም፣ ቲኬት ቆራጭ አይለምንም። ተራራ ከነበሩ! እኛ ጋ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያንኳኳው በር ቢኖር የገዳም በር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ኪሷ ታወቀች፤ ተመስገን ብሎ መተኛት። ግን አንዱን ያወቀ ሰው ሌላውን ሳይጠይቅ አይተኛም። ጃኬቷ ውስጥ ወገቧ ላይ፣ ከገበሩ ጋር የተሰፋ፣ ባለ ላስቲክና ባለ ሦስት ቁልፍ አጭር ቀሚስ አለ። እኔ ለነፍሰ ጡር የተሠራች መስሎኝ ለማንም ሳልተነፍስ ቆይቼ ነበር። እሱም መልስ አለው፤ ሰውየው ሲወድቅ በረዶው ከሥር ወደ ሆዱ እንዳይገባ ነው። "ቢወድቅ" አላለም፤ "ሲወድቅ" ነው ያለው። እስከ ዛሬ የለበስኩት ልብስ ሁሉ ቆሜ እንደምሄድ ታምኖ የተሰፋ ነው። ይቺ ግን መውደቄን አስቀድማ ቆርጣ፣ ዝርዝሩን ጨርሳ ነው የመጣችው።

ገበሩ ውስጥ ደግሞ የማስቲካ ልባስ የምታህል፣ ሬኮ የሚል የተጻፈባት ስስ ነገር ተሰፍታለች። የስዊድኖች ሥራ ናት። ባትሪ የላትም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። የበረዶ ናዳ ሰውየውን ከቀበረው ፈላጊዎቹ በመሣሪያ ሞገድ ይልካሉ፣ እሷ ሞገዱን መልሳ ታንጸባርቃለች፣ እነሱም ያለበትን ቆፍረው ያወጡታል። መሪጌታ ይህን ስነግራቸው ፈገግ እንኳ አላሉም። "ክታብ ናት ብዬህ ነበር" ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። በኪሱ ተሳስተው በጃኬቱ ልክ ሆኑ።

የአክስቴ ልጅ ከሁሉ የባሰውን በመጨረሻ ነገረኝ። እሱና ጓደኞቹ በወንበር መውጣቱ ሰልችቷቸዋል። ገመድ ወደሌለበት፣ ሰው ወዳልረገጠው ተራራ ሄደው ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግራቸው ይወጣሉ፣ በሩብ ሰዓት ይወርዳሉ፣ ከዚያ "እግዚኦ እንዴት ያለ ቀን ነበር" እያሉ ይመለሳሉ። ሰው ተራራ መውጣት ታከተው፣ ማሽን ሠራ፣ ማሽኑ ታከተው፣ እንደገና በእግሩ ወጣ። የእኛ ሰው መካከለኛውን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ መጨረሻው ላይ ደርሷል ማለት ነው። ስኪው ሽቅብ ሲሄዱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጠጉር ያለው ጨርቅ ይለጥፉበታል፤ ጠጉሩ ወደ ፊት ያስኬዳል፣ ወደ ኋላ ይይዛል። ድሮ የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር፤ አሁን ጥሩው የሚሠራው ከምን መሰላችሁ? ከፍየል ጠጉር! የአንጎራ ፍየል የሚባል። ይህን ስሰማ ተነሥቼ ቆምኩ። የአበርገሌን ፍየል ያየ ሰው ገደል ላይ የሚያቆማት ሰኮናዋ ይመስለዋል እንጂ ጠጉሯን ማን ጠርጥሮ!

ደግሞ አይታገሡም። ኅዳር ላይ፣ በረዶው ገና ድንጋዩን ሸፍኖ ሳይጨርስ ይወጣሉ። ለዚህ ጊዜ የሚሆን፣ ድንጋይ ቢፍቀው የማያሳዝን አሮጌ ስኪ ለብቻው አላቸው፤ እኛ ለጭቃ ቀን አሮጌ ጫማ እንደምናስቀምጠው።

"ሀበሻና ስኪ" ብዬ ልተወው ነበር። ግን ሮቤል ተክለማርያም ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተንሸራተተው ሰው። በ15 ኪሎ ሜትሩ 83ኛ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ 93ኛ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለጎማ ስኪ አጥልቆ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ወርቅ ካልሆነ የማንቆጥር ሕዝብ ስለሆንን ስሙን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋበት በጎማ የሚንሸራተት ሰው 83ኛ መውጣቱ ከብዙ ወርቅ ይበልጥብኛል።

ችግሩ የቃልም ነው። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ የካልጋሪውንም አንድ ላይ ጠቅልለን በረዶ እንላለን። የአክስቴ ልጅ "ዛሬ በረዶ ጣለ፣ ደስ ብሎኛል" ብሎ ሲጽፍልኝ እናቱ ማሳው አለቀ ብላ ደነገጠች። ግዕዝ እንዲህ አልነበረም፤ በረዱን ለብቻ፣ ሐመዳውን ለብቻ፣ አስሐትያውን ለብቻ ይጠራል። አመዳይ የምንለው የዚያ ሐመዳ ትራፊ ነው። ቃል ደግሞ ነገሩን ያላየ ሰው አያወጣውም።

ማየቱንማ የጥንቶቹ አይተዋል። ስሙ ያልተረፈ አንድ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ያስቀረጸውን ጽሑፍ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ገልብጦታል። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲቆጥር፣ ከወንዝ ማዶ በሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ እንደሚሰምጥ ይናገራል። ወንዙን ጽሑፉ ዓባይ ይለዋል፤ ሊቃውንቱ ተከዜ ነው ይላሉ። ተከዜ ማለት እኮ የእኛ ድንበር ነው! እዚያው ዝርዝር ውስጥ አታጋው የሚል ስም አለ፤ አገው ነው ብለው የሚያነቡት ብዙ ናቸው። ስለዚህ አገውና በረዶ አንድ ድንጋይ ላይ ተጽፈዋል፤ በረዶው ጉልበት ድረስ።

ከዚያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምስ ብሩስ መጣ። የዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊ። ሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ አላየሁም አለ። ሄንሪ ሶልት ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1810 አየው፤ ብሩስ ለምን እንዳላየውም ጨምሮ ጻፈ። ከግርጌው አልፎ አልወጣማ!

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ብሩስ እንኳ ሞቷል፤ ብሩሶቹ ግን አላለቁም። ካቻምና አንዱ ለሁለት ቀን ሥልጠና መጥቶ፣ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ፣ "ሰቆጣ በረሃ አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ ጋቢ ምንድነው?" አለኝ። ሁለት ሌሊት አደረ፤ አንድ የደረቀ ወንዝ ፎቶ አነሣ፤ ሄደ። ድርቅ የለም ያለው ማን ነው? በ77 ስንቱ ከዋግ ተነሥቶ ኮረም መንገድ ላይ እንደቀረ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። የልጆች መቀንጨርን ለማስቀረት የወጣው ሰነድ እንኳ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በስማችን ነው የሚጠራው። ግን ይህ አገር አንድ ፎቶ አይደለም! ዝቋላና አበርገሌ ቆላ ላይ ሰው በላብ ሲጠመቅ፣ ደጋው ላይ ገብስ በአንድ ሌሊት ውርጭ ነጭቶ ያድራል። ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው እረኛ ደበሎ ደርቦ፣ ከበጎቹ መሐል ተሸጉጦ ነው የሚነጋለት። በፈረንጅኛ "የ13 ወር ፀሐይ" ብለን ስንቱን ቱሪስት ጠራንበት፤ እስቲ ያን ፀሐይ ኅዳር ላይ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ለዚያ ልጅ አምጡለት። ለእሱ ሬኮ የሰፋለት የለም። ቢጠፋ የሚፈልገው እናቱ ናት፤ መሣሪያዋም ጩኸቷ ነው።

እሺ፣ ይብቃ። ሰውየው ቡናውን ከፍሏል፤ የእኔንም ጭምር።

ለነገሩ እኔስ ማን ነኝ? ሰቆጣ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ በምቾት ተቀምጬ ስለ ውርጭ የማወራ ሰው ነኝ። ደጋ ወጥቼ ያደርኩባቸው ሌሊቶች በጣቶቼ ይቆጠራሉ፤ አንደኛው ላይማ ጧት ፊቴን ልታጠብ ጣሳውን ሳነሣ ውኃው እንደ መስታወት ረግቶ ፊቴን መልሶ አሳየኝ። ባለቤቱ በጡጫ መታ አድርጎ ሰበረልኝና "ታጠብ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ። ያኔ ይቺ ጃኬት አልነበረችኝም። ብትኖረኝም ቀሚሷን መቆለፍ አላውቅበትም ነበር።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ኅዳርን እየጠበቀ ነው። ጧት ጧት መስኮት ይከፍታል አሉ፣ ነጭ ነገር እንዲያይ። ደጋ ያለው የሚስቴ አጎትም በዚያው ወር ጧት ጧት በሩን ይከፍታል፤ ነጭ ነገር እንዳያይ። ስልክ ቁጥራቸውን ልለዋውጣቸው አሰብኩና ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ኪሷን ዘግተህ ስፋልኝ አልኩት። ገልብጦ አየና "መምህር፣ እንዲህ ያለ ስፌት አልነካም፤ ያውልህ" ብሎ መለሰልኝ። ይዣት ስመለስ ያለ ወቅቱ የደመነው ደመና ከተማው ላይ ደርሷል። የጎረቤታችን ድምፅ ግቢውን አናወጠው፤ "ኧረ ብቅሉን! ብቅሉን አንሡ፣ በረዶ መጣ!" ሰሌኑ ላይ የተሰጣው የድግስ ብቅል ነው። ጃኬቷን እንደደረብኩ ሮጥኩ። በአራት ማዕዘን ይዘን ስናነሣ በረዶው ደረሰ፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል፣ የእኛው በረዶ። አዳለጠኝና በቂጤ ተቀመጥኩ። ሰሌኑን አለቀቅሁም። እውነት ለመናገር ወደ ሆዴ አንዲትም አልገባችም።

ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ እጅጌዬን ስዳብስ ኪሷ ውስጥ የሚቆረቁር ነገር አለ። ከፈትኳት፤ ሦስት ፍሬ ብቅል። ለባለቤቴ አሳየኋት። "ታዲያ ስትወድቅ ገብቶ ነዋ" አለች።

ዚፑ ግን ዝግ ነበር።