ልጁ የየት ቀበሌ ነው?

የምዝገባ ሰሞን ደብረ ታቦር ላይ ዘመድ ይበዛል። ዓመቱን ሙሉ በስልክ እንኳ ሳይጠያየቁ የከረሙ ሰዎች ድንገት አጎትና የወንድም ልጅ ሆነው ይገኛሉ። ምክንያቱ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ነው። መዝጋቢው «የወላጅ መታወቂያ» ይላል፤ የወላጁ መታወቂያ የገጠር ቀበሌ ነው፤ ልጁ ደግሞ ከተማ ሊማር መጥቷል። ስለዚህ የከተማ መታወቂያ ያለው ሰው ይፈለጋል፣ ይገኛልም። የሥጋ ዝምድና ከጠፋ የክርስትና፣ የክርስትናው ከጠፋ የማኅበር፣ እሱም ከጠፋ አከራዩ ራሱ አጎት ይሆናል። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ልጁም ነዋሪ ይሆናል። እንግዲህ ማጣራት የሚባለው ይህ ከሆነ፣ የተጣራው አባቱ ከተማ ውስጥ ስንት ሰው ያውቃል የሚለው ነው። ሰው የሌለው ድሃ ብቻ በወንፊቱ ላይ ይቀራል።

«የየት ቀበሌ ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለጉና ተራራ ልጅ አይመጥንም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ወርዶ የሚማር ተማሪ ከሁለትና ሦስት ደባሎቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የከተማ ሰው ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይወጣል፤ ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ ድንቹንና የገብስ ቆሎውን በማዳበሪያ ከረጢት አሥሮ ይመለሳል። የት ይኖራል? እግሩ ደብረ ታቦር፣ ሆዱ ጉና ነው። የቀበሌ መታወቂያ አውጣ እንዳይባል 18 ዓመት አልሞላውም። የልደት ምስክር ወረቀት እንዳይባል፣ አዋጅ 760/2004 ወጥቶ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ልጁ ከዚያ በፊት ተወልዷል። እናቱን ብትጠይቋት «ውርጭ ገብሱን የጨረሰው ዓመት» ትላችኋለች፤ እንዲህ ያለ ዓመት ደግሞ ለቅጽ መሙያ አይሆንም።

ነገሩን ይበልጥ አስቂኝ የሚያደርገው፣ ተማሪን ከሩቅ መቀበል ለዚህ አገር የቆየ ሙያው መሆኑ ነው። የድጓ ምስክር የሚገኘው ጋይንት ውስጥ ካለችው ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ከዙር አባ። ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ናቸው። ከጎጃሙም ከሸዋውም ከወሎውም የመጣው ተማሪ ጎጆውን ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ምስክሩን ይዞ ተመልሷል። የኔታ ቀለሙን አጣሩ እንጂ ቀበሌውን አላጣሩም፤ የቆሎ ተማሪን ነዋሪነት የሚያጣራ ካለ የመንደሩ ውሻ ብቻ ነው። ቤተልሔም «የወላጅ መታወቂያ» ብላ ቢሆን ኖሮ ድጓ የሚያውቀው ጋይንቴ ብቻ በሆነ፣ የቀረው አገርም በዓሉን በዝምታ ባከበረ።

«ይህ የድሮ ነው፤ ዛሬ በጀት አለ» ይባል ይሆናል። እሺ፣ በጀቱን እንየው። ነዋሪነት የበጀት ጉዳይ በሆነበት በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ልጆቿን በአባቷ አድራሻ በጎረቤት ወረዳ ትምህርት ቤት አስገብታ፣ መርማሪ ተቀጥሮባት፣ በፈረንጆቹ 2011 ዘጠኝ ቀን ታስራለች። በኋላ የግዛቱ ገዥ ጆን ኬሲክ ጥፋቱን ወደ ቀላል ዝቅ አደረጉላት። ጭካኔ ነው፣ ግን እዚያ ቢያንስ ሒሳብ አለው፤ ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በአብዛኛው ከአካባቢው በሚሰበሰብ የቤትና የመሬት ግብር ስለሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን ይቆጥራል። እኛ ዘንድ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ (ስኩል ግራንት) የሚታሰበው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ልጁ ሲመዘገብ ድርሻው አብሮት ይመጣል። «የከተማ አስተዳደሩ በጀት ሌላ፣ የገጠሩ የፋርጣ ወረዳ ሌላ» የሚለው ክርክርም አለ። የፋርጣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ራሱ ያለው ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ነው! ወረዳው ከተማ ገብቶ ሲቀመጥ ያልተከለከለውን ልጁ ሲገባ መከልከል የት አገር ሕግ ነው? ሕገ መንግሥቱ እንኳ በአንቀጽ 32 መኖሪያን የመምረጥ ነፃነት፣ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት ይሰጣል።

ጠንካራው ተቃውሞ የክፍል ጥበት ነው። ለ40 ተማሪ የታሰበ ክፍል ከልክ በላይ ሲሞላ መምህሩ የሚያስተምረው ጫጫታ ነው፤ ይህን የሚክድ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ጥበቱን አልቀነሰም፤ አጎት ያለው ሁሉ ገብቷልና። የተመለሰው ልጅስ የት ይሄዳል? ወንዱ ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ፣ ሴቷ ወደ ባል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ወደ ከተማ የወረደም አለ፤ መሸኛ አምጣ ሲሉት ግራ ይገባዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት በማን እጅ ነው መሸኛ የሚጽፈው?

መኖሪያ አይታወቅ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከምንም በላይ መታወቅ ያለበት የኪራይ ቤት ተማሪ መኖሪያ ነው። በሯ ከውስጥ የማይቆለፍ ክፍል የተከራየች የ15 ዓመት ልጅ፣ ስንቁ ረቡዕ ላይ ያለቀበት ልጅ፣ ታሞ ሦስት ቀን የቀረ ደባል፤ እነዚህን የሚያውቅ ርዕሰ መምህር ያስፈልጋል። የአጎት ደብዳቤ ግን ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ሲፈልጋት የሌለችበት ቤት ሄዶ ያንኳኳል። የምናስገድደው ውሸት ዞሮ የሚጎዳው ልጆቹን ነው።

ስለዚህ ለመዝጋቢዎች አንድ ልመና አለኝ። ነሐሴ ላይ የስምንተኛ ክፍል ውጤቱን ብቻ አይታችሁ መዝግቡት። ቅጹ ላይ «የሚያድርበት ቤት» እና «ስንቅ የሚመጣለት ቀበሌ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ጨምሩና እውነቱን ይሙላ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሄዳችሁ ቤቱን እዩት፤ ስትሄዱም መጀመሪያ የምትፈትሹት የበሩን ቁልፍ ይሁን።