ጀማን በረዶ የማድረግ ጥበብ

የሰሜን ሸዋን የመሬት ሽፋን ካርታ ማበላሸት ብዙ ልፋት የሚጠይቅ ይመስልህ ይሆናል። የለም፤ ጥቂት መስመር የፓይተን ኮድ ይበቃሃል።

መጀመሪያ የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲን የ2021 የመሬት ሽፋን ካርታ፣ ዎርልድከቨርን፣ አውርድ። መሬቱን በ10 ሜትር ፒክስል ደን፣ ቁጥቋጦ፣ ሣር፣ እርሻ እያለ ይለያል፤ ለየዓይነቱም 10፣ 20፣ 30 እያለ ኮድ ይሰጣል። የካርታውን (የራስተሩን) ሠንጠረዥ ስታወጣ «ቫሊዩ» የሚለው ዓምድ ኮዱን፣ «ካውንት» የሚለው የፒክስሉን ብዛት ይይዛል። አንተ ቫሊዩን ዞር ብለህ አትየው። የመሬት ዓይነቶቹን ስም ከዎርልድከቨር ማብራሪያ በተራ ገልብጥና በሉፕ ለረድፎቹ በተራ አድላቸው፤ አንደኛውን ለአንደኛው፣ ሁለተኛውን ለሁለተኛው።

ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። ሠንጠረዡ ረድፍ የሚሰጠው ካርታው ላይ ላለ ነገር ብቻ ነው። የበረዶ ኮድ 70 ነው፤ መንዝና መርሐቤቴ ውርጭ እንጂ ቋሚ በረዶ ስለሌላቸው ከ60 ቀጥሎ የሚመጣው 80፣ ማለትም ውኃ ነው። አንተ የያዝከው ሰባተኛ ስም ግን «በረዶ» ነው። እንግዲህ ከመርሐቤቴ ግርጌ፣ በዚያ ላብ በሚያጠምቅ ቆላ፣ የጀማ ወንዝ ግግር በረዶ ሆኖ ያድራል። የመንዝ ጓሳ ረግረግም ሐይቅ ሆኖ ይነሣል። ኮዱ አንዲት ስሕተት አያሳይም፤ እስከ መጨረሻው ሰላም ብሎ ይሠራል። «ስሙን በቫሊዩ ፈልገህ ስጠው» የሚል ባልደረባ ከመጣ ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ስፋት ስታሰላ ካርታውን በሜትር ወደሚለካው ዩቲኤም ዞን 37 እንዳትለውጥ። ዎርልድከቨር የሚመጣው በዲግሪ ነው፤ የፒክስሉን ጎን በራሱ፣ ከዚያም በካውንት አባዛ። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ጓሳ ከ0.01 በታች ይወጣልሃል። አጠገቡ «ሄክታር» ብለህ ጻፍ። የመንዝ ሰዎች ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ብለው ቄሮ በሚባለው የጋራ ሥርዓታቸው ሲጠብቁ የኖሩት ለዚህች ኖሯል!

ካርታውን በመንዝ ወሰን ከመቁረጥህ በፊት የወጣውን ሠንጠረዥም አትጣል፤ መንዝ የአፋርን ቆላ ጨምራ ትወርስበታለች።

በመጨረሻ፣ ስሞቹን ሠንጠረዡ ላይ የጻፍክበትን ከርሰር ሳትዘጋ ውጣ። ፋይሉ ተቆልፎ ይቀርና ማንም አያርመውም። መሐል ሜዳ ላይ አንድ የጓሳ ጠባቂ «ይሄ ሐይቅ የቱ ጋ ነው?» ካለህ «ሳተላይቱ ነው ያለው» በለው፤ ሰማይ ድረስ ወጥቶ አያጣራ።